ባሲማ ውኃ የጠጣችበት ቀን

ውድ እህቴ ፈርሂያ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራህመቱላሂ። ወረቀት ሲደርስሽ ልብሽ እንደሚደነግጥ ስለማውቅ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ማንም አልሞተም። አባ እዚያው ከላላ ለደረሶቻቸው ቁርአን እያቀሩ ናቸው፤ እማ እንደ ልማዷ "ወገቤን" ትላለች፤ እኔና አህመዲንም ወፍጮ ቤታችንን ይዘን እዚሁ መካነ ሰላም አለን። ሁላችንም አልሐምዱሊላህ አፊያ ነን።

ለምን ድምፅ አልላክሽልኝም ትዪ ይሆናል። አንቺ ስልክሽን የምትሰሚው የእመቤትሽ ልጆች በሚያድሩበት ክፍል ነው፤ እኔ ደግሞ ቀስ ብሎ ማውራትን አላህ አልሰጠኝም። "ዓሊማ ስታንሾካሹክ ወግዲ ድረስ ይሰማል" ትዪኝ የነበርሽው አንቺው ነሽ። የምነግርሽ ነገር ወግዲ ድረስ እንዲሰማ አልፈልግም። ስለዚህ ለእረፍት መጥታ ወደ ጅዳ ለምትመለሰው ለጎረቤታችን ለፊርደውስ አስይዤዋለሁ። በፕላስተር ደህና አድርጌ አሽጌዋለሁ፤ ቀድዳ ካነበበችው ፍርዱን ለአንቺ ትቻለሁ።

ባለፈው በላክሽው ድምፅ "ኮንትራቴን ለሁለት ዓመት ላሳድስ ነው፤ እዚያ ተመልሼ ምን አለኝ?" ብለሻል። ስሰማው መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥዬ አለቀስኩ። ከሄድሽ አራት ዓመት ሆነሽ። እለምንሻለሁ፣ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አትፈርሚ። አንብበሽ ከጨረስሽ በኋላ ልፈርም ካልሽ እጅሽን አልይዝም፤ ግን የማታውቂውን ነገር ሳታውቂ እንድትፈርሚ አልፈቅድም።

ነገሩ ስለ ልጄ ስለ ባሲማ ነው። ስለ አንቺም ነው። እኔና አንቺ በአንድ ጀንዲ ላይ ተኝተን ያደግን እህትማማቾች ነን፤ ይህን ነገር ግን አንድም ቀን በስሙ ጠርተነው አናውቅም። "ያ ነገር" እንላለን፤ ወይም ዝም እንላለን። ዛሬ በስሙ ልጥራው፤ ሽንትሽን ማለቴ ነው። ከተወለድሽ ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚንጠባጠበው ሽንትሽ። ይኸው ጻፍኩት፤ ሰማዩም አልተደረመሰም።

የሚገርመው ነገር አንቺ እንደ ሰው ሁሉ ሽንት ቤት ትሄጂ ነበር። ሄደሽ፣ ጨርሰሽ፣ ታጥበሽ ትመጫለሽ፤ ትንሽ ሳንጫወት ቀሚስሽ መልሶ ይረጥባል። እማ "ስንፍና ነው፣ ሳትጨርስ እየተነሳች ነው" ትላለች። የሰፈር ልጆች ምን ይሉሽ እንደነበር አልጽፈውም፤ አንዷን በድንጋይ ጥርሷን መምታቴን ግን ዛሬም አልጸጸትበትም። አባ ብቻ ነበሩ የማይቆጡሽ። "ይህች ልጅ ባለ ዑዝር ናት፣ ምክንያት አላት፤ ለየሶላቱ ውዱእ ታድርግና ትስገድ፤ አላህ የማትችለውን አይጠይቃትም" ብለው ደነገጉልሽ፤ ቁርአን ቤቱም ውስጥ በር አጠገብ ያለው ቦታ ያንቺ ሆነ። ከበሩ አጠገብ ሆነሽ ከወንዶቹ ሁሉ ቀድመሽ ቁርአኑን ጨርሰሽ ስታኸትሚ የአባን ፊት አይቻለሁ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ረመዳንሽን ፆምሽ። ትዝ ይልሻል? ከሰዓት በኋላ ላይ ደረቅሽ። እማ ቀሚስሽን ዳብሳ እልል አለች። "ፆሙ ፈወሳት" ተባለ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁምሽ፤ ሰኞና ሐሙስ፣ ረጀብ፣ ሻዕባን፤ ሌላው ልጅ እሸት ሲበላ አንቺ ከንፈርሽ ተሰነጣጥቆ ትቀመጫለሽ። ሰው "የሸህ ሷሊህ ልጅ ወልይ ልትሆን ነው" ይል ነበር። ካፈጠርሽ በኋላ ጀንዲው እንዴት እንደሚሆን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አብሬሽ የምተኛ እኔ ነኛ። በልጅነት አእምሮዬ ቀኑን የመላእክት፣ ሌሊቱን የሸይጧን አድርጌ ከፍዬው ነበር። ሽማግሌ በተላከብሽ ቁጥር "ሐዲሱን ልቅራ፣ ፊቅሁን ልጨርስ" እያልሽ ስትመልሻቸው ሁሉም ለዒልም ያለሽን ፍቅር ያደንቅ ነበር፤ እኔ ብቻ ሌላውን ምክንያት አውቅ ነበር።

ባሲማ ስትወለድ ደግሞ መጥተሽ አረስሽኝ፤ እንደመጣሽም ቀረሽ። ልጅቷ የማን ናት ተብሎ ቢጠየቅ ሰፈሩ ያንቺ ናት ነበር የሚለው። ወፍጮ ቤት ስትመጪ ጀርባሽ ላይ ናት፣ ውኃ ስትቀጂ ጀርባሽ ላይ ናት። ሦስት ዓመት ሞላት፣ አራት ሞላት፤ የእሷም አልደረቀም። ያን ቀን ሰደቃ ላይ ያቺ አፏ በር የሌለው ሴትዮ ምን እንዳለች ሁለታችንም ሰምተናል። "እያዘለች አሳለፈችባት እንጂ ከየት መጣ?" አለች። አንቺ ቀስ ብለሽ አንቀልባውን ፈታሽ፣ ልጄን ከጀርባሽ አውርደሽ እኔ ጭን ላይ አስቀመጥሻት። ከዚያን ቀን ወዲህ አላዘልሻትም። ብዙም ሳይቆይ ፓስፖርት አወጣሽ። ሀገሩ ሁሉ "እንደ ሌሎቹ ሥራ ፍለጋ ሄደች" አለ። እኔ ከማን እየሸሸሽ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ከባሲማ ነበር የሸሸሽው፣ የባሰውን እንዳታደርጊባት ፈርተሽ። ያን ጊዜ ግን "አላሳለፍሽባትም" ብዬ የምምልበት እውቀት አልነበረኝም። ዛሬ አለኝ። ይህን ሁሉ ወረቀት የምጨርሰው እሱን ልነግርሽ ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ባሲማን እዚሁ ከተማ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። እማ ልጅቷ እንዳታዋርደን ብላ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ጠብታ ውኃ በአፏ እንዳይገባ አደረገች፤ አጥባ፣ ንጹሕ አልብሳ፣ ሁለት ጨርቅ አጥፋ አሰረችላት። አንቺንም ያኔ ጤና ጣቢያ ሲወስዱሽ እንዲሁ አድርገውሽ ነበር። ሐኪም ዘንድ ቆሽሾ መሄድ ለእኛ ቤት ነውር ነው፤ እንግዳ ሊመጣ ሲል ቤት እንደሚጠረገው። የክሊኒኩ ሰው መሣሪያውን ሆዷ ላይ አንሸራተተና "ኩላሊቱም ደህና ነው፣ ምንም የለባትም፤ ስታድግ ይተዋታል" አለን። አንቺንም ያሉሽ ይህንኑ ነው። እውነት ለመናገር ሰውየው ያየውን ነው የተናገረው፤ የሚታየውን አድርቀን የወሰድነው እኛ ነን።

እማ ቀጥላ እኛ ዘንድ በመጣች ቁጥር ልጅቷን ማስፆም ጀመረች። ስድስት ዓመቷ ነበር። "አክስቷን የጠቀማት እሷንም ይጠቅማታል" አለች። እውነትም በፆም ቀን ትደርቃለች፤ ትምህርት ቤትም ደርቃ መዋሏ እየጣማት መጣ። ማንም ሳያዛት ውኃ መጠጣት ተወች። ዘንድሮ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አዙሯት ወደቀች። መምህሯ ተሸክሞ አመጣልኝ። ከንፈሯን ሳየው ያንቺን ከንፈር አየሁ፤ ያን ጊዜ አንድ ነገር በውስጤ እምቢ አለ። በነጋታው ሆስፒታል ወሰድኳት። እማ ሰምታ ከከላላ በሌሊት ተነስታ ደረሰችብን። እኔ ሻሽ እስካስር ድረስ ልጅቷን አጥባ፣ አፏን ዘግታ፣ እንደ ሙሽራ አሰናድታ ጠበቀችኝ።

አልትራሳውንድ የምታነሳዋ ምህረት የምትባል ልጅ ናት፤ ወጣት ናት፣ ቀልደኛ ናት፣ ብትተዋወቁ ትዋደዱ ነበር። ባሲማን አስተኝታ ሆዷን ቅባት ቀባችና መሣሪያውን አንሸራተተች። አየች፤ ደግማ አየች፤ ፊቷን ቋጠረች።

"እናቷ፣ ልጅቷ ዛሬ ምን ጠጥታለች?" አለችኝ።

እኔ ከመመለሴ በፊት እማ ኮራ ብላ "ምንም። ከሌሊት ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰችም። እኛ ሥርዓት እናውቃለን" አለቻት።

ምህረት መሣሪያውን አስቀመጠች፤ ሳቋ መጣባት። "እናቴ፣ እኔ የምፈልገው ውኃ ነው። ምንጩን አድርቃችሁ መጥታችሁ ውኃውን ፈልጊ ትሉኛላችሁ? ይቺ ልጅ ትጠጣ፤ እስክትጠግብ ትጠጣ። ፊኛዋ ሲሞላ መልሳችሁ አምጡልኝ።"

እማ ተቆጣች። "ኧረ በአላህ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልታዋርዷት ነው? በደረቀ ቀኗ ልታረጥቧት?"

"እናቴ፣ እዚህ ቤት ማፈር የለም። አልጋው ፕላስቲክ ነው፤ ይወለወላል" አለቻት ምህረት፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ወጥቼ የታሸገ ውኃ ገዛሁ። ባሲማ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ፤ አያቷን አየች፤ መልሳ እኔን አየች። "ይሄ ሁሉ የኔ ነው?" አለችኝ። ፈርሂያ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ውኃ ለመጠጣት ፈቃድ ስትጠይቅ መስማት ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። "ያንቺ ነው፣ ጠጪ" አልኳት። ጠጣች። ሳታቆም ጠጣች፤ ሲያንቃት አረፈችና መልሳ ጠጣች፣ ውኃው በአገጯ እየወረደ። እማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዱዓ ታደርግ ነበር። ተረኛ የሚጠብቁት ሰዎች ያዩናል፤ ግድም አልሰጠኝ።

ስንመለስ ልብሷ ርሷል። ምህረት እንዳላየች ሆና አስተኛቻት። አሁን ግን ምስሉ ሌላ ነበር። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝና በጣቷ እያሳየች "ይሄ ጥቁሩ ፊኛዋ ነው፤ ውኃ ስለሆነ ነው የጠቆረው። ከኋላው የሚታየው ይሄ ሌላው ጥቁር ግን እዚያ መኖር የለበትም" አለች። ወደ ግራ ጎኗ ወጣች፤ ኩላሊቷ አናት ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ታየ። ከዚያ ጠየቀችኝ። ሽንት ቤት እንደ ሰው ትሄዳለች? ትሄዳለች። ሄዳ እንደመጣችም ይንጠባጠባል? ይንጠባጠባል። ከተወለደች ጀምሮ? ከተወለደች ጀምሮ። ውኃ ጠጥታ ደርቃ የዋለችበት ቀን አለ? የለም። እየመለስኩ ሳለ የማወራው ስለ ባሲማ ይሁን ስለ አንቺ ጠፋብኝ።

ወደ ደሴ ላኩን። እዚያ ሲቲ ስካን አነሷት፤ በክንዷ ደም ሥር ቀለም ሰጥተው በክብ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው ነው የሚያነሱት። ባሲማ አልፈራችም፤ "ቀለሙ ሲገባ ሙቅ ውኃ የጠጣሁ መሰለኝ" አለችኝ። ውጤቱን ያስረዳን ዶክተር ንጉሡ ይባላል። ኮምፒዩተሩ ላይ ቀለሙ በልጄ ሰውነት ውስጥ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት፤ እንዳየሁት ልንገርሽ።

ሰው ከየኩላሊቱ አንድ አንድ ቱቦ ወደ ፊኛው ይወርድለታል። የባሲማ የግራው ኩላሊት ግን ሁለት ቱቦ አለው። አንደኛው እንደ ደንቡ ወርዶ ፊኛው ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው እንደ ሰው ሽንት ቤት የምትሄደው። ሁለተኛው ከኩላሊቷ አናት ይነሳና በፊኛው ኋላ አልፎ፣ ሽንት ከሚቋጥረው ጡንቻ በታች፣ ከበሩ ውጭ ይፈስሳል። በር የሌለው መንገድ ስለሆነ ጠበቀችም አልጠበቀችም ይወርዳል። ስንፍና አይደለም። ጂን አይደለም። ውኃ ስትከለከል ደግሞ ኩላሊቱ የሚያወርደው ስለሌለው ይቀንሳል፤ ይኸው ነው የረመዳኑ ተአምር። ፆሙ አልፈወሰሽም፤ ውኃ ጥም ደበቀብሽ።

"ይሄ መቼ የመጣ ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"አልመጣም፤ ሲሠራ ነው እንዲህ ሆኖ የተሠራው። ምናልባት አንቺ ማርገዝሽን እንኳ ሳታውቂ" አለኝ።

እንደገና አስደገምኩት። ማርገዜን ሳላውቅ። እኔ ሳላውቅ አንቺ ከየት ታውቂያለሽ? አንቺ ያኔ ከላላ ነበርሽ። የትኛው ጀርባ ነው ያዘላት? የትኛው አንቀልባ ነው ያሳለፈባት? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንደሚባለው፣ ማህፀን ውስጥ የሆነውን አንቺ ጀርባ ላይ ለጠፉት። ፈርሂያዬ፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፍልሽ፤ ወላሂ አላሳለፍሽባትም። ልጄን በፍቅር አዘልሻት እንጂ ምንም አላደረግሽባትም። ይህን ደጋግመሽ አንብቢው፤ ቢሰለችሽም አንብቢው።

ዶክተሩ ቀጥሎ "እንዲህ ያለው ነገር አንዳንዴ በቤተሰብ ይደጋገማል፤ ሌላ ሰው አለ?" አለን። እማ ከጠረጴዛው በታች ቆነጠጠችኝ። ፈቃድሽን ሳልጠይቅ "እህቴ አለች" አልኩት፤ ልትቆጪ ትችያለሽ፣ መብትሽ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እኛ ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ደብቀንሻል። እኔ ማውራት ስጀምር ግን የቀጠለችው ማን መሰለሽ? እማ። "በረመዳን ትደርቅልኝ ነበር፤ ፆሙ የሚያሽላት መስሎኝ" ብላ ጀመረች፤ ከዚያ መጨረስ አቃታት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እናታችን እንደዚያ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም።

ዶክተሩ ጠንቃቃ ሰው ነው። "ሳላያት ይሄ ነው አልልም" አለ። "ግን እንደምትነግሩኝ ከሆነ ማየት አለብኝ። ትምጣና እንደ ልጅቷ እናንሳት። እስከዚያው ውኃ አትከልከል፤ ኩላሊቷን ትጎዳዋለች።" ደግሞ "ከዘር ከሆነ ያው እኔ ነኝ" እንዳትዪ፤ ታውቂበታለሽና ቀድሜ ልዝጋብሽ። አክስት ለእህቷ ልጅ አታወርስም፤ ዘር ከላይ ነው የሚወርደው። ከአባ ወይም ከእማ ቤት ለሁለታችንም እንደደረሰን አፍንጫ ቁጠሪው። አንቺ ቱቦውን ወሰድሽ፣ እኔ የአባን አፍንጫ ወሰድኩ፤ መስታወት ባየሁ ቁጥር ማን እንደተጎዳ እጠራጠራለሁ።

ባሲማ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተደረገች። መንገዱን የሳተውን ቱቦ ከጓደኛው ጋር አገጣጥመው ሰፉት። ከኦፕራሲዮን ክፍል እስክትወጣ አባቷ አህመዲን ኮሪደሩን ሲመላለስ ጫማውን ጨረሰው። ጥቂት ቀን ሽንቷ በላስቲክ ይወርድ ነበር፤ ከዚያ አወጡላት። በነጋታው ጧት ስትነቃ እጇን ከሥሯ ሰደደች፤ አንሶላውን ዳበሰች፤ ቀሚሷን ዳበሰች። ከዚያ ኮስተር ብላ "እማዬ፣ ተኝቼ ልብሴን ማን ቀየረው?" አለችኝ።

"ማንም አልቀየረሽም" አልኳት። አላመነችኝም። ነርሷን ጠየቀች፣ አባቷን ጠየቀች። ማንም እንዳልቀየራት ሲገባት ውኃ አምጡልኝ አለች፤ ጠጥታ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ደረቅ ነበረች። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬም ደረቅ ናት። ሐኪሞቹ ገና ለክትትል ይጠሯታል፤ ቁስሏ ግን ድኗል፣ ትምህርት ቤትም መሃል ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። ለማንም ሳታስፈቅድ ትጠጣለች፤ እማ አሁን የምታማርረው "ይቺ ልጅ እንስራውን ጨረሰችው" እያለች ነው።

ስንመለስ ከላላ ሄጄ የሲቲ ስካኑን ፊልም ለአባ አሳየኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን አንስተው ብዙ አዩት። "አባ፣ አንቱ ምን ይላሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ከዚያ "በረመዳን የሚደርቀውስ?" አሉኝ። አስረዳኋቸው። ፊልሙን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"የፆመችውን ለአላህ ነው የፆመችው፤ አላህ ይቀበላታል፤ ከእሱ ላይ አንዱም አይቀነስባትም" አሉ። "ከእንግዲህ ግን ሕመሟን በፆም አትደብቅ በያት። አላህ ለበሽተኛ ማፍጠርን ፈቅዷል፤ የመዳኛውን ሰበብ ማድረስም ከእኛ ነው። እኔ ዑዝሯን ፈለግሁላት፤ አንቺ ሽፋዋን፣ መዳኛዋን ፈልጊላት።"

ይህ የአባ ቃል ነው፤ አንድም አልጨመርኩበት።

አሁን ስለ አንቺ። እመቤትሽ "ፈርሂያ ሁልጊዜ ፆመኛ ናት" እያለች ለእንግዳ እንደምታወድስሽ ነግረሽናል። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሥራ። እኔ ለምን እንደምትፆሚ አውቃለሁ፤ አላህም ያውቃል። በቃሽ። ውኃ ጠጪ፤ ቢረጥብ ይረጥባል፣ ይታጠባል። ኮንትራትሽ ያልቃል፣ ነይ። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እኔና አህመዲን እንጠብቅሻለን፤ ከዚያው ደሴ እንገባለን። ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ግቢ ካልሽኝ እገባለሁ፣ ውጭ ቆዪ ካልሽኝ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። የሚያድን ነገር አይገኝም ቢሉን እንኳ ቢያንስ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ እኔ ግን ደግ ነገር ነው የሚታየኝ። ከዚያ ወዲያ ጅዳ ልመለስ ብትዪ እኔው ሻንጣሽን እይዝልሻለሁ። ልብሽ ከፈቀደ ግን አባ ለሴቶቹ ደረሶች የምታቀራ ሰው እየፈለጉ ነው። "እዚያ ምን አለኝ" ላልሽው መልስ ይሁንሽ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዙ ቀን አሰብኩ። ትቆጪ ይሆን፣ ነገሬን አደባባይ አወጣሽው ትዪኝ ይሆን እያልኩ አቆየሁት። ትናንት ከሰዓት ደጅ ቁጭ ብዬ እሸት ባቄላ ስፈለፍል ባሲማ አጠገቤ መጥታ የጨረስኩትን ትበላብኝ ጀመር። አያቷ ስታወራ ሰምታ ኖሮ "አክስቴ ፈርሂያም እንደኔ ሁለት ቱቦ ነው ያላት?" አለችኝ።

"ይመስለናል፤ ገና አልታየችም" አልኳት።

"ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ስላዘለችኝ የመጣብኝ መስሏት ነው አይደል የሄደችው?"

ማን እንደነገራት አላውቅም። "አዎ" አልኳት።

እጇ ላይ ያለውን ባቄላ ወደ ሰፌዱ መለሰች። አያቷ ሸህ ሷሊህ ትምህርቱን ያላጠናውን ደረሳ እንደሚያዩት አድርጋ አየችኝና "ታዲያ አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ ባቄላ ትፈለፍያለሽ?" አለችኝ።

ተነሳሁ፤ ወረቀት ፈለግሁ።

በመምጣትሽ ተስፋ ያደረገች እህትሽ፣
ዓሊማ ሷሊህ
መካነ ሰላም